ይድረስ ሰሌዳ ለሚሰቅለው ቢሮ

የተከበራችሁ የቢሮው ሰዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይሄ ማመልከቻ አይደለም። ማመልከቻ ባስገባ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ "ለሚመለከተው ክፍል" ተብሎ ይመራል፣ የሚመለከተው ክፍል ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ በአደባባይ ጻፍኩት። እናንተ ባታነቡት የሰፈር ሰው ያነበዋል። ካሳ አልጠይቅም። ምትክ ቤትም አልጠይቅም፣ ተሰጥቶናል። የምጠይቀው ሰሌዳ ነው። የፈረሰው ሰፈራችን የካዛንቺስ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ። ቆርቆሮውን አንተ ግዛ ካላችሁኝ እገዛለሁ፣ ቀለም ቀቢም አውቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው በአክስቴ ነው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት መታወቂያዋን ልናሳድስ አንድ ጽሕፈት ቤት ወሰድኳት። ወረፋው ረጅም ነበር፣ እሱን እንተወው። መስኮቱ ጋ ስንደርስ አንዲት ቀጭን ልጅ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል "እማማ፣ የት ነው የተወለዱት?" አለቻት።

"ካዛንቺስ።"

ልጅቷ ጻፈች። ፈለገች። ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ላይ ወጣች። "ካዛንቺስ የሚል አያመጣልኝም። ወረዳውን ይንገሩኝ።"

"ወረዳውን መች ጠየቅሽኝ ልጄ? የት ተወለድሽ ነው ያልሽኝ። እኔ ስወለድ ያንቺ ወረዳ መች ነበረ?"

"ሲስተሙ አይቀበልም እማማ።"

ከኋላችን ያለው ወረፋ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች፣ ክፉ ልጅ አይደለችም። ከዝርዝሩ ውስጥ "ቂርቆስ" የሚለውን መረጠችና አለፈች። ቀጥሎ የድሮ የቤት ቁጥር ተባለ። አክስቴ ጣቷን እያጠፈች ጀመረች፤ በደርግ ጊዜ የነበረው ከፍተኛና ቀበሌ፣ ኢሕአዴግ ሲገባ የመጣው ዞን፣ ክፍለ ከተማ የተባለ ጊዜ የተለወጠው፣ ቀበሌ ቀርቶ ወረዳ የሆነ ጊዜ እንደገና የተለወጠው። አራቱንም ታውቃቸዋለች። በሩ ላይ አራቱም በተለያየ ቀለም ተጽፈው ነበርና፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ የታችኛው ሰማያዊ ቀለም እስከ መጨረሻው ይታይ ነበር። ልጅቷ ግራ ሲገባት አክስቴ ሳትቆጣ እንዲህ አለቻት፦ "ቁጥሩን ስትቀያይሩ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ከቤቴ አልተነቃነቅኩም።"

ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ "አሁን ተነቃነቅኩ እንጂ" አለች።

እውነቷን ነው። ይቺ ከተማ 25 ከፍተኛ ነበረች። ከዚያ ዞን ሆነች። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ 10 ክፍለ ከተማ። አሁን ለሚ ኩራ ተጨምሮ 11 ሆነዋል። መንግሥት በመጣ ቁጥር ከተማዋን እንደ ድፎ ዳቦ አዲስ አድርጎ ይቆርሳታል። ያ ሁሉ ሲሆን ወያላው አንድ ቀን "ከፍተኛ እንትን፣ ሁለት ሰው!" ብሎ ጠርቶ አያውቅም። "ካዛንቺስ! ካዛንቺስ በኡራኤል!" ነበር የሚለው።

ስለ ስሙ ልንገራችሁ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ግን እንደ አያቴ የምታውቁት አይመስለኝም። አያቴ ካዛንቺስ ማለት ድሮ እዚያ ትኖር የነበረች የጣሊያን ሴትዮ ናት ብላ ነበር የምታምነው። ፀጉሯ ቀይ ነበር እያለችም ትጨምርበት ነበር። አድጌ ሳነብ ነው ሴትዮዋ ቢሮ መሆኗን ያወቅኩት። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ አንድ ተቋም ነበረው፤ የተቋሙ ስም በአጭሩ "ኢንቺስ" ይባላል። ካዛ ደግሞ ቤት ነው። የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፣ በቃ። ሌላው ቀርቶ ኢንቺስ ቃልም አይደለም፣ የፊደላት ክምር ነው። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ። ሕዝቡ ግን ያንን የማኅተም ስም አንስቶ፣ በአፉ አላምጦ፣ የጠላ ቤትና የአዝማሪ ቤት ስም አደረገው። ፈንዲቃን የመሰለ አዝማሪ ቤት በየአገሩ ሲጠራ አብሮ የሚጠራው ይሄ የፋሺስት ቢሮ ምኅጻር ነበር። ከዚህ በላይ ምን ድል አለ? (አድዋን አልነካሁም፣ በአነስተኛው ለማለት ነው።)

የእኛ ሰው ስም አወጣጡ እንዲህ ነው። ያየውን ይጠራል። ባቡሩ ተሰብሮ ቀረ፣ ሰባራ ባቡር። የ22 ቁጥር አውቶብስ የሚዞርበት ነው ይባላል፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያ። ደረጃው ተቆጠረ፣ ሰባ ደረጃ። ሲኤምሲ ደግሞ ቤቶቹን የሠራው የጣሊያን ተቋራጭ ስም ነው፤ ተቋራጩ ሄደ፣ እኛ ሲኤምሲ ሚካኤልን እንሳለማለን። ጮኸህ የሚደርስልህ የለም፣ እሪ በከንቱ። ዶሮ ማነቂያን አላብራራም። ከዚያ በፊት ደግሞ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው የሰፈሩበት ነው፤ ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ከዚያ የመጣ ነው፣ ጦር ሰፈረ ከሚለው። ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር።

በአንጻሩ እናንተ የሰቀላችኋቸውን ሰሌዳዎች እስቲ ተመልከቱ። "አፍሪካ ጎዳና" የሚል ሰሌዳ አለ። ቆንጆ ስም ነው፣ ቅር አይለኝም። ግን ታክሲ ውስጥ ሆኖ "አፍሪካ ጎዳና ወራጅ አለ!" ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቦሌ መንገድ ነው። አብዮት አደባባይ ብለው ስንት ዓመት ሰልፍ አስወጡን፣ ዛሬ መስቀል አደባባይ ነው። ስም በአዋጅ አይጸናም ማለቴ አይደለም፣ አንዳንዱ ይጸናል። ካዛንቺስ ግን ያለ አንድ ሰሌዳ ሰማንያ ዓመት ኖራለች፤ በራሷ ጉልበት ማለት ነው። ታዲያ ዛሬ ሰሌዳ ምን ያደርግላታል ትሉኝ ይሆናል። እሱን ልነግራችሁ ነው።

በመጀመሪያ ግን ሐቁን ላስቀምጥ። ቤታችን ይፍረስ አይፍረስ አይደለም ክርክሬ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ግሬደሩ ሲገባ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም፤ ግን ያለቀስኩለት ቤት ግድግዳው ጭቃ ነበር፣ ወደ ጎረቤት ያዘመመ፣ በእንጨት የተደገፈ። ሽንት ቤቱ ለአሥራ አንድ አባወራ አንድ ነበር። ክረምት ሌሊት ጃንጥላ ይዘህ፣ ባትሪ ይዘህ፣ ተራ ጠብቀህ። የሰፈር ፍቅር እያልን ስንዘፍን ያንን ሽንት ቤት የምንረሳ ሰዎች አለን፣ እናቴ ግን አትረሳም። አሁን ያለችበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የመጀመሪያው ሳምንት የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍታ እያየች ትዘጋው ነበር። አዲሱም የእግረኛ መንገድ ጥሩ ነው። ልጄ ብስክሌት የተማረው እዚያ ነው፣ ድሮ የኛ ግቢ በር በነበረበት ቦታ ላይ፣ በግምት። በግምት የምለው አሁን ምልክት የሚሆነኝ ነገር ስለሌለ ነው።

ስለዚያች ግቢ አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ እመለሳለሁ።

አያቴ ከቡልጋ የመጣችው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። በእግር፣ በበቅሎ፣ መጨረሻ ላይ በጭነት መኪና። መጀመሪያ ወጥ ቤት ሆና የገባችው ከነዚያ ከኢንቺስ ቤቶች በአንዱ ነው፣ አንድ የሚኒስቴር ሹም ይኖርበት ነበር። በኋላ ወጥታ ከጀርባ ሁለት ክፍል ተከራየች፣ ጠላ ጠመቀች፣ እናቴንና አክስቴን ወለደች። አከራይዋን ሁሉም እትዬ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው ልበል። እትዬ ሦስት ትንንሽ ቤት ነበራቸው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀ፣ አዋጅ ቁጥር 47። እትዬ የሚኖሩበት አንዱ ቀረላቸው፣ ሁለቱ ተወረሱ። አያቴ ማታ የእትዬ ተከራይ ሆና ተኝታ ጠዋት የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሆና ተነሳች። ኪራዩም ተቀነሰላት፣ ከአሥር ብር የማይሞላ ነበር።

እንግዲህ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ አዋጁ የጠቀማትና አዋጁ የወሰደባቸው። ምን ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ቡና ይጠጡ ነበር። እትዬ አቦሉን በቤታቸው ጠጥተው ለቶናው ወደ አያቴ ይመጣሉ። እናቴ ልጅ ሆና ያየችው ነገር አለ። አያቴ ቀበሌ ሄዳ ኪራይ ከፍላ በተመለሰች ቀን፣ ደረሰኙን መሶቡ ስር ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ሁለት ብር አራት ቦታ አጥፋ ከረከቦቱ ስር ታደርጋለች። እትዬ ስኒያቸውን ሲመልሱ ብሩ የለም። አንድም ቀን ስለሱ ተነጋግረው አያውቁም። በዚያን ጊዜ እኮ ለቀድሞ ባለቤት ኪራይ ከፈለች ተብሎ ሊያስጠይቃት ይችል ነበር። እትዬ ደግሞ እስከሚሞቱ ድረስ ክረምት ሲገባ "ቤቴ ያፈሳል?" ብለው ይጠይቋት ነበር። "ቤትዎ ደህና ነው እትዬ" ትላቸዋለች። ያፈስ ነበር፣ ባልዲ ደርድረን ነበር የምንተኛው።

አብዮቱን በተመለከተ ትምህርት ቤት የተማርኩት ብዙ ነው። ይሄን ግን አንድም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። እና ይሄ ነገር የሆነበት ቦታ ዛሬ ምን ይባላል ብዬ ስጠይቅ፣ ካርታው ላይ የሚመጣልኝ የአንድ ሕንፃ ስምና የመኪና ማቆሚያ ነው።

ወደ ጉዳዬ። ሰፈር ሲነሳ ሰዉ አብሮ አልሄደም። ሁሉም በየዕጣው ነው የተበተነው፣ ገሚሱ አንድ ጫፍ፣ ገሚሱ ሌላ ጫፍ፣ ጥቂቱ ገንዘቡን ይዞ ልጆቹ ጋ። አዲሱ ቦታ ደግሞ ሰፈር አይባልም። ልብ ብላችሁ ከሆነ "ሳይት" ነው የሚባለው። "የት ሳይት ነህ?" "ሳይት ሁለት፣ ብሎክ መቶ ምናምን።" ሳይት እኮ የኮንትራክተር ቃል ነው፣ ሲሚንቶ የሚራገፍበት ማለት ነው። ቤቱ ከተሠራ በኋላም እኛ ገና ሳይት ላይ ነን።

የዛሬ ዓመት ገደማ የእድራችን የቀድሞ ሊቀመንበር አረፉ። ጡሩምባ ነፊያችን አሁን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው ያለው (ሲለጥፍ ግን አሁንም በትልቁ ነው የሚጽፈው፣ ልማድ አይለቅም)። "ብሎክ 112" አለ፣ ሄድን። አክስቴ፣ እናቴ፣ ሁለት ጎረቤት፣ እኔ። ድንኳን አየን፣ ገባን። አክስቴ ከበሩ ጀምራ ደረቷን እየመታች ገባች፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ አብረው አለቀሱ፣ ተቀመጥን፣ ንፍሮ ቀረበልን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እናቴ ጎኔን በክርኗ ነካች። ቀና ብዬ ሳይ ጠረጴዛው ላይ ያለው ፎቶ የአንዲት ወጣት ሴት ነው። የኛ ብሎክ 112 መንገዱን ተሻግሮ ሌላው ሳይት ነበር፤ እዚያም 112 አለ፣ እዚህም 112 አለ፣ ሕንፃዎቹ መንታ ናቸው። ቀስ ብለን ልንወጣ ስንል የሟቿ እናት አክስቴን እጇን ይዛ አመሰገነቻት። አክስቴ ታክሲ ውስጥ ሆና ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። በኋላ "ለማንም ቢለቀስ አይከስርም" አለች። ትክክለኛው ለቅሶ ስንደርስ ድምፅዋ አልቆ ነበር።

የእድሩ መዝገብ አሁን ያለው ጸሐፊው ጋ ነው፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከአልጋው ስር። ባለፈው ወር አሳዩኝ። ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው። የመጀመሪያው ገጽ 1958 ዓ.ም. ይላል፣ ወርኃዊ መዋጮ አንድ ብር። ከእያንዳንዱ አባል ስም አጠገብ "አድራሻ" የሚል ዓምድ አለ፣ እኔ የቤት ቁጥር ጠብቄ ነበር። አድራሻዎቹ እንዲህ ናቸው፦ "ከሾላው በታች።" "ቧንቧው ፊት ለፊት፣ ጥቁር በር።" "ከጠላ ቤቱ ጀርባ።" ጠላ ቤቱ የአያቴ ነው። በኋላ በሌላ እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ ቢክ፣ "ወደ ልጇ ሄደች"፣ "ዐረፈ"፣ "በቀይ ሽብር"። በቀይ ሽብር የሚለው ሦስት ቦታ አለ፣ ሌላ ምንም አልተጻፈበትም። ጸሐፊው ገጹን ቶሎ ገለበጡት።

ያንን መዝገብ ማንበብ የሚችል ሰው፣ ማለቴ ሾላው የት እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ አሁን ቢበዛ ሃያ ቢሆን ነው። ሰሌዳ ለምን ትፈልጋለህ ካላችሁ መልሴ ይሄ ነው። ድሮ ስሙን የሚሸከመው ሰው እዚያው ስለነበር ሰሌዳ አላስፈለገም። አሁን ሰዉ የለም።

አውቃለሁ፣ ስም በዚች አገር ቀልድ አይደለም። አንድ ስም ስታነሳ ሌላው ይቆጣል። "ከሰፈራችሁ በፊት ይሄ መሬት ስም አልነበረውም ወይ?" የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ብሎኛልም። ነበረው እንጂ። ጉለሌ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፣ ፊንፊኔም ከአዲስ አበባ በፊት የነበረ ስም ነው። የሱን አያት ስም ማን ደብተር ላይ እንደጻፈው እኔ መመለስ አልችልም፤ የኔን አያት ሰፈር ስም ስለጠየቅኩ ግን የሱ ይቅር አላልኩም። ሰሌዳው ሰፊ ነው። ሁለት መስመር ይይዛል፣ ሦስትም ይይዛል።

ለዚህ ሜክሲኮዎችን እዩአቸው። ጣሊያን ሲወረን ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፣ ለዚያ ነው ሜክሲኮ አደባባይ ያለን። እነሱም ዋና ከተማቸው ላይ በኛ ስም ሰይመዋል፣ የባቡር ጣቢያም አለው፣ ኢትዮጵያ የሚባል። በኋላ አዲስ ስም አስፈለጋቸው፣ "የግልጽነት አደባባይ" የሚል። ምን አደረጉ? ኢትዮጵያን አልፋቁም፣ ከጎኗ ጨመሩበት። ያ ሁሉ ሕዝብ በየቀኑ በሁለቱም ስም ይወርዳል። የባሕር ማዶ ሰዎች የኛን ስም ካልፋቁ እኛ የገዛ ሰፈራችንን ለመጻፍ ምን ይቸግረናል?

እንግዲህ ልመናዬ ይሄው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ አግዳሚ ወንበሮች አሉ፣ መብራቶች አሉ፣ አውቶብስ ማቆሚያዎች አሉ። ማቆሚያው ላይ "ካዛንቺስ" ብላችሁ ጻፉ። ከስሩ በትንሹ ከየት እንደመጣ፣ የኢንቺስን ነገር። ቀይ ፀጉሯን ሴትዮ ከፈለጋችሁ ጨምሩ፣ አያቴ ደስ ይላት ነበር። ፒያሳም ዶሮ ማነቂያ የነበረበት ቦታ ላይ እንዲሁ። ሳይቶቹ ላይ ደግሞ ሰዉ ራሱ ስም እንዲያወጣ ተዉት፤ እናቴ ያለችበት ጋ ልጆቹ አንዱን ጥግ "ካዛ" ማለት ጀምረዋል፣ ኳስ ሲጫወቱ ሰምቼ ነው፣ ከየት እንደሰሙት አላውቅም። ያንን ጥግ ቁጥር አትስጡት። ሲስተሙ ላይ ደግሞ የትውልድ ቦታ የሚለው ሳጥን ውስጥ ሰው የሚናገረውን መጻፍ የሚቻልበት ባዶ መስመር ጨምሩበት። ይሄ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

መዝገቡን ፎቶ ልታነሱ ከፈለጋችሁ ጸሐፊውን ጠይቄያቸዋለሁ፣ ፈቅደዋል። "ይዘውት እንዳይሄዱ እንጂ ያንሱ" ነው ያሉት። ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው አሉ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ስትመጡ ግን ከታክሲ ከወረዳችሁ በኋላ ደውሉልኝና ራሴ ወርጄ ልቀበላችሁ፤ ሁለት ብሎክ 112 ነው ያለው።

ከሰላምታ ጋር፣
የጠላ ቤቷ የልጅ ልጅ፣ ከሾላው ትንሽ ከፍ ብሎ